ብድሩ ሲከብዳችሁ ስልክ አትዝጉ

ስሙኝማ፣ ይሄን የምጽፈው ባንክ ስለሠራሁ ወይ ሕግ ስለተማርኩ አይደለም፣ ተበድሬ መክፈል ሲያቅተኝ ሁለት ሳምንት ሙሉ ስልኬን ዘግቼ ስለተደበቅኩ ነው። ባህር ዳር ሐይቁ ዳር ትንሽ ጁስ ቤት አለችኝ፣ አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ስፕሪስ፣ ጠዋት ደግሞ ቡና። ሰኔ 2014 ላይ ከባንክ 300 ሺ ብር ተበድሬ ፍሪጅና ማሽን ገዛሁ፣ ወንበር ጨመርኩ፣ ብድሩ ለ3 ዓመት በ18 ፐርሰንት ነው፣ በወር 10,846 ብር። መያዣው የእናቴ ቤት ካርታ ነው፣ በዚያ ላይ የእህቴ ባል በደመወዙ ዋስ ገባልኝ። 14 ወር አንድም ቀን ሳላዛንፍ ከፈልኩ። ከዚያ 2015 መጨረሻ ላይ የሆነውን ታውቁታላችሁ፣ ክልላችን ውስጥ ውጊያ ተነሳ፣ ኢንተርኔቱ ጠፋ፣ ወደ ዘጌ ገዳማት የሚሄደው እንግዳ ቀረ፣ ጀልባዎቹ እንደታሰሩ ከረሙ፣ ከጀልባ ወርዶ እኔ ጋ የሚያርፍ ሰው ከሌለ ደግሞ ማንጎው ይበሰብሳል እንጂ ብር አይሆንም። መስከረምን ሳልከፍል አለፍኩ፣ ጥቅምትንም።

ሎን ኦፊሰሩ፣ ብድሬን የሚከታተለው የባንኩ ልጅ፣ ደወለ፣ አላነሳሁም። ደጋገመ፣ ዘጋሁት። ታዲያ እሱ ምን ያድርግ፣ ዋሱ ጋ ደወለ። የእህቴ ባል አስተማሪ ነው፣ መምህራን ክፍል ሰው መሀል ተቀምጦ ነው ስልኩ የደረሰው። ማታ ቤት መጣና ቡናውን እንኳ ሳይነካ «አንቺ ስልኩን ካላነሳሽው የኔን ደመወዝ ነው የሚያነሱት» አለኝ። «ጋሼ ይቅርታ» ከማለት ሌላ አፌ ላይ ምንም አልመጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይሄ ነው፣ ሊቀርባችሁ ያለውን ክፍያ ገና ሳይቀር እናንተ ቀድማችሁ ሂዱ፣ ካለፈም ባለፈ በሳምንቱ ሂዱ፣ ደግሞ ከባንኩ በፊት ለዋሳችሁ ንገሩት።

ለምን ቶሎ ብትሉኝ፣ አንድ ብድር 90 ቀን ካለፈው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ የተበላሸ ብድር ተብሎ ይመዘገባል። ያኔ ባንኩ ራሱ ባይከፈል ብሎ ለኪሳራው መጠባበቂያ ብር ይይዝበታል፣ ቅርንጫፉም ከበላይ ይጠየቅበታል፣ የእናንተም ስም በብድር መረጃ ሥርዓቱ ላይ ለሌሎቹ ባንኮች ይታያል። ከ90 ቀን በፊት ከሄዳችሁ ግን ሎን ኦፊሰሩም ብድራችሁ እንዳይበላሽበት የሚፈልግ ሰው ነው፣ ማለትም ከእናንተ ጋር አንድ ወገን ነው። እኔ በ50ኛው ቀን አካባቢ ነው የደረስኩት፣ ከዚያ ብቆይ ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ባዶ እጃችሁን ግን እንዳትሄዱ። መጀመሪያ ስቴትመንት፣ የብድራችሁን የሂሳብ መግለጫ፣ አስወጡ፣ ዋናው ስንት ቀረ፣ ወለዱ ስንት፣ ቅጣቱ ስንት፣ ለየብቻ ተጽፎ። ብዙ ሰው «እዳሽ ስንት ነው» ሲባል አንድ ቁጥር ነው የሚናገረው፣ ድርድሩ ግን በሦስቱ ላይ ለየብቻ ነው የሚካሄደው፣ ዋናውን የሚነካላችሁ የለም፣ ወለዱን በጣም አልፎ አልፎ፣ ቅጣቱን ግን ከጠየቃችሁ ሊያነሱት ይችላሉ። የኔ ዋናው 202 ሺ ገደማ፣ የሁለት ወር ወለድ 6 ሺ ገደማ፣ ቅጣቷ ደግሞ 1,900 ብር ነበረች። ደረሰኞቻችሁን ከስቴትመንቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ፣ እኔ አንዷን ቅዳሜ ያስገባኋትን ሰኞ ተመዝግባ አገኘኋት፣ ትንሽ ነገር ናት ግን ደረሰኟን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጥ የባንኩ ልጅ አቀማመጡን አስተካከለ።

ሁለተኛ ደብተር። የልጄን ባለ 50 ሉክ ደብተር ወስጄ ለ30 ቀን የሸጥኩትን ያወጣሁትን ሁሉ ጻፍኩ፣ በቀን ሽያጭ በአማካይ 1,400 ብር፣ ፍራፍሬ፣ ወተት፣ ስኳር፣ ኪራይ፣ የምታግዘኝ ልጅ ደመወዝ ሲነሳለት የሚተርፈው 310 ብር ነው። በወር 9,300 ማለት ነው። የቤቱን ወጪ ባለቤቴ ይሸፍናል፣ ከ9,300ው ላይ መብራት ለሚጠፋበትና ሰው ለሚቀርበት ቀን 2,000 ያህል ብይዝ፣ 7,000 ብር እችላለሁ። ይሄን ቁጥር ሳታውቁ አትግቡ። የባንኩ ልጅ ደብተሩን ሲገላልጥ አንዱ ገጽ ላይ አቮካዶ ፈሶበት አረንጓዴ ሆኖ ደርቋል፣ አፈርኩ፣ እሱ ግን እዚያች ገጽ ላይ ነው ቆም ብሎ «ይሄን ራስሽ ነሽ የምትጽፊው?» ያለኝ። ከቢዝነስ ፕላን ይልቅ እሱን አመነ መሰለኝ።

እንግዲህ ንግግሩ። አታልቅሱ፣ እውነቴን ነው፣ ልጁ በቀን አስር የሚያለቅስ ሰው ያያል። እናቴ ሽማግሌ ይዘን እንሂድ፣ የነፍስ አባታችንን እንያዝ ብላ ነበር፣ ሽማግሌ ከግለሰብ ስትበደሩ ነው የሚሠራው፣ ባንክ ላይ ፋይል ውስጥ የሚገባ ወረቀት ነው የሚፈለገው። ምክንያቱን በሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገሩና ቁጥር ጥሩ። እኔ «ወንድሜ፣ መክፈል አልፈልግም አላልኩም፣ 10,846 ግን አልችልም፣ በወር 6 ሺ አድርጉልኝ» አልኩት። ከምችለው አንድ ሺ ዝቅ አድርጌ ነው የጀመርኩት፣ ገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄ አይነገረውም። እሱ 9 ሺ አለ። ዝም አልኩ። ዝም ማለቱ ከባድ ነው፣ አፍ «እሺ እሞክራለሁ» ሊል ይቸኩላል፣ ግን እሺ ብላችሁ በሁለተኛው ወር ከወደቃችሁ ሁለተኛ የሚሰማችሁ የለም። ደብተሩን ብቻ ወደሱ ገፋ አደረግኩት። ኮምፒውተሩ ላይ 36 ወር አድርጎ መታው፣ 7,520 መጣ፣ 40 ሲያደርገው 6,953። «ይቺን እችላታለሁ» አልኩ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ማራዘም ነጻ አይደለም። እንደድሮው ብከፍል የቀረኝ 22 ወር ነበር፣ በ10,846 ሲባዛ ወደ 238,600 ብር። በአዲሱ 40 ወር በ6,953 ወደ 278,100 ነው። ወደ 39,500 ብር ለትንፋሽ ከፈልኩ ማለት ነው። እኔ ቆጥሬ አውቄ ነው የገባሁበት፣ ቤቱ ከሚሸጥ ይሻለኛል፣ እናንተም ቆጥራችሁ ግቡ። ደግሞ ጠይቁ፣ ወለዱ ያው ነው ወይስ ይጨምራል? ለማሸጋሸጊያው የአገልግሎት ክፍያ አለው? ብር ባገኝ ቀድሜ ብዘጋው ቅጣት አለው? ካልጠየቃችሁ ማንም ተነስቶ አይነግራችሁም።

ሌላው የረዳኝ ጥያቄ «ይሄ በናንተ ደረጃ ይወሰናል ወይስ ወደ ዲስትሪክት ይወጣል?» የምትለዋ ናት፣ ዲስትሪክት ማለት ከቅርንጫፉ በላይ ያለው የባንኩ ቢሮ ነው። ልጁ ሊወስን የማይችለውን ነገር ለአንድ ወር ስትለምኑት ብትከርሙ ቀኑ ይቆጥርባችኋል። የኔ ማራዘሚያ ወደ ላይ የሚወጣ ነበር፣ ቅጣቷን ግን የቅርንጫፉ ማናጀር እዚያው ሊያነሳት ይችላል ተባለ፣ ገባሁና «14 ወር አላዛነፍኩብዎትም፣ ይቺን ይተዉልኝ» አልኳቸው፣ ስቴትመንቱን አዩና ተዉልኝ። ከፋይ ሆናችሁ የቆያችሁበትን ጊዜ እንደ ገንዘብ ቁጠሩት።

ሁሉንም በደብዳቤ አድርጉ። ሁለት ኮፒ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ታስገባላችሁ፣ ሁለተኛው ላይ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም አስመትታችሁ ትይዛላችሁ። በቃል «እሺ አስተካክለንልሻል» ቢሏችሁ ሰውየው ነገ ሌላ ቅርንጫፍ ሊዛወር ይችላል። አዲሱ ውል ሲፈረም ዋሱም መጥቶ እንዲፈርም ይጠራል፣ ጋሼን ይዤ ሄድኩ፣ ብዕሩን ይዞ ከላይ እስከ ታች አነበበው፣ ማንም ያላነበበውን።

የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከመጣባችሁስ? ቤት አስይዛችሁ ከባንክ ከተበደራችሁና ውሉ ላይ ከተስማማችሁ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ ራሱ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፣ ግን ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። እነዚያን 30 ቀናት በለቅሶ አትጨርሷቸው። ግማሹን ይዛችሁ ሄዳችሁ ቀሪውን ለማሸጋሸግ ጠይቁ፣ ጨርሶ ካልሆነ ደግሞ ገዢ ራሳችሁ ፈልጋችሁ ባንኩን አስፈቅዱ፣ ገዢው እዳውን ለባንኩ ይከፍላል የተረፈውን ለእናንተ፣ በሐራጅ ከሚሸጠው የተሻለ ዋጋ ታገኛላችሁ ብዙ ጊዜ። በሐራጅ የተሸጠው እዳውን ካልሸፈነ ቀሪው ከእናንተ ራስ አይወርድም።

ብሩ ከየት ይምጣ ለሚለው፣ ዕቁብ ካላችሁ ለዳኛው ቀርባችሁ ችግራችሁን ንገሩና ዕጣውን አስቀድሙኝ በሉ፣ ብዙ ዕቁብ ለችግረኛ ያስቀድማል። አራጣ ግን እንዳትነኩ፣ በሕግም ወንጀል ነው፣ በወር አስር አስር እያለ የሚበላችሁን ሰው ማንም አያሸጋሽግላችሁም። በስልክ የሚወሰደውን፣ የቴሌብር ሜላንም እንደኪሴንም፣ ትልቁን ብድር ለመክፈል አትጠቀሙበት፣ እዚያ የሚደራደራችሁ ሰው የለም፣ ብር ሲገባላችሁ ይቆረጣል በቃ። ደግሞ ደግሞ፣ ለማስተማመኛ ብላችሁ ብር የሌለበት ቼክ እንዳትጽፉ። የብድር እዳ እዳ ነው፣ ደረቅ ቼክ ግን እስር ቤት ያስገባል።

አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግራት ሳቀች፣ እሷ የክሬዲት ካርድ እዳዋን ከዋናው ላይ ሳይቀር አስቀንሳ ነው የዘጋችው። እዚያ ክሬዲት ካርድ በአብዛኛው መያዣም ዋስም የለውም፣ 180 ቀን ካልተከፈለ ባንኩ ከመዝገቡ እንደኪሳራ ያወጣዋል፣ አንዳንዴ ለእዳ ሰብሳቢ በርካሽ ይሸጠዋል፣ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ይሄን ያህል ልስጥህ ቢሉት ይስማማል። ነጻም አይደለም ታዲያ፣ የተተወላት ብር እንደ ገቢ ተቆጥሮ ታክስ ሊጠየቅባት ይችላል፣ መዝገቧ ላይም እስከ 7 ዓመት ይቆያል። እኛ ጋ ግን ካርታው ካዝናው ውስጥ ነው፣ የጋሼ ደመወዝ በየወሩ ይገባል፣ ለምን ብሎ ግማሹን ይተውላችኋል? ዩቲዩብ ላይ «እዳህን በግማሽ ዝጋ» የሚለውን አይታችሁ እንዳትሄዱ ነው የምለው፣ እዚህ የምትደራደሩት በጊዜና በቅጣት ላይ ነው።

የመጨረሻዋ ነገር ስትጨርሱ ነው። እኔ ገና እየከፈልኩ ነው፣ ጎረቤቴ ግን የባጃጇን ብድር አምና ጨርሳ፣ ደረሰኟን ይዛ፣ ደስ ብሏት ቤቷ ገባች፣ ብድሩ ማለቁን የሚያረጋግጥ ክሊራንስም አልጠየቀች፣ ሊብሬው ላይ ያለውን እገዳ የሚያስነሳ ደብዳቤም አላስጻፈች። ዘንድሮ ባጃጇን ልትሸጥ ገዢ ይዛ ትራንስፖርት ቢሮ ስትሄድ «እገዳ አለበት» አሏት። ባንክ ሄደች፣ ፋይሉ ተፈለገ፣ ፈራሚው የለም፣ ሰኞ ነይ ተባለች። በሁለተኛው ሰኞ ደብዳቤዋን ይዛ ስትወጣ ገዢው ሌላ ባጃጅ ገዝቶ ሰፈራችን መሀል እየነዳ አገኘችው።