የልጄ በግ ፌሩ ላይ ውሃ አልጠጣም ሲል ያገኘነው መላ

ልጄ እዚህ አሜሪካ ሚኒሶታ፣ ልጆች እንስሳት ማርባትና ሌላም ሙያ በሚማሩበት በፎር ኤች ክበብ በግ ታሳድጋለች። አምና የካውንቲው (የወረዳው) ፌር፣ ማለትም እንስሳት ለውድድር የሚቀርቡበት ዓመታዊ አውደ ርዕይ፣ ግቢ በገባን ቀን በጉ ውሃ እምቢ አለ። ባልዲውን ያሸትና ፊቱን ያዞራል። ማታ ድርቆሹንም ተወ፤ ጎኑ ገባ፣ ድዱም ደረቀ። ልጄ አጠገቡ ተቀምጣ ስታለቅስ አንጀቴን በላችው።

ሙቀቱ ነው ብለን ማራገቢያ አበራንለት፣ ባልዲውንም አጥበን ሞላን። ለውጥ የለም። ለሥጋ የሚሸጥ በግ ስለሆነ ያገኘነውን መድኃኒት መስጠት አንችልም፤ በግድ መጋት ደግሞ ውሃውን ሳንባው ውስጥ ሊያስገባ ይችላል። በመጨረሻ አጠገባችን በግ ያሰሩ አንድ አዛውንት ገበሬ፣ "ቤት የሚጠጣው የምን ውሃ ነው?" ብለው ጠየቁን።

የጉድጓድ ነው። የፌሩ ግን ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ነበር፤ በግ ጣዕሙ የተለወጠ ውሃ በቀላሉ አይቀበልም። ባለቤቴ በሌሊት ነድቶ በጀሪካን የቤታችንን ውሃ አመጣ። በጉ ባልዲውን ሳያቋርጥ ጠጣ! በማግስቱ የቧንቧውን እያቀላቀልን ቀስ በቀስ አለመድነው።

ዘንድሮ ቀድመን አሰብንበት። ከፌሩ 10 ቀን በፊት ጀምራ ልጄ ውሃው ላይ ትንሽ የፖም ጭማቂ ጠብ ታደርግበት ነበር። ፌሩም ላይ ያንኑ ጭማቂ፣ በዚያው በለመደው ባልዲ። ጣዕሙ አንድ ስለሆነ የውሃውን ልዩነት ልብ አላለውም።

ለፍየል የተዘጋጀ የማዕድን ድብልቅ ግን ውሃው ላይ እንዳትጨምሩ፤ መዳብ ስለሚበዛበት በግን ሊገድል ይችላል።