የጎመን ችግኝ ቤት ውስጥ ሲፈላ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊና ኬል የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። ዘራቸው አያስቸግርም፤ ጥሩ ዘር በተመቸ ሙቀት ከ4 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ ብቅ ይላል። ጣጣው የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት ችግኙ እንደ ክር ቀጥኖ ይጋደማል፤ ወይም አፈሩን በሚነካበት ቦታ ላይ ጠቁሮ ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ለዚህ የሚዳርገው ጎመንን እንደ ቲማቲምና ቃሪያ መያዝ ነው። እነዚያ ሙቀት ይወዳሉ። ጎመን ደግሞ የሚፈልገው ቀዝቀዝ ያለ አየርና ብዙ ብርሃን ነው።

ከበቀለ በኋላም ማሞቅ

ለመብቀል ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል፤ ስለዚህ የዘር ትሪውን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሞቅ ያለ ቦታ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ስህተቱ እዚያው መተው ነው። የመጀመሪያዎቹ ችግኞች ብቅ እንዳሉ፣ ግማሹ ገና ባይወጣም እንኳ፣ ማሞቂያውን ያንሱ፤ ክዳን ወይም ላስቲክ ካለበትም ይግለጡት። ከዚያ ወዲህ ቀን ከ15 እስከ 18፣ ሌሊት ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ይበቃዋል። ሙቀቱ በዝቶ ብርሃኑ ሲያንስ ግንዱ ይረዝማል እንጂ አይወፍርም። ከቤቱ ውስጥ ሰው የማያዘወትረው ቀዝቃዛ ክፍል ካለ፣ የጎመን ቦታ እዚያ ነው።

በመስኮት ብርሃን መተማመን

ለዓይናችን ደማቅ የሚመስለው የመስኮት ዳር ለችግኝ ደብዛዛ ነው፤ ብርሃኑም በአንድ ጎን ብቻ ይመጣል። ትሪውን በየቀኑ ማዞር ችግኙ እንዳይዘም ይረዳል፤ ከመርዘም ግን አያድነውም። የሚያዋጣው መብራት ነው። የፍሎረሰንት መብራት ከሆነ ከቅጠሉ በላይ ከ5 እስከ 10 ሴንቲሜትር፣ ለተክል የተሠራ ጠንከር ያለ ኤል ኢ ዲ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይስቀሉት። በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይብራ፤ ቀሪው ጊዜ ጨለማ ይሁን። ችግኙ ባደገ ቁጥር መብራቱም አብሮ ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ጊዜው ወሳኝ ነው። መብራቱ መሰቀል ያለበት የመጀመሪያው ቡቃያ የታየ ዕለት ነው፤ ከአፈር እስከ ዘር ቅጠሎቹ (መጀመሪያ ብቅ እስከሚሉት ሁለት ቅጠሎች) ያለው ግንድ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ተስቦ ያልቃል፤ አንዴ ከረዘመ ደግሞ ተመልሶ አያጥርም። በመጠኑ የረዘመ ከሆነ ወደ ትልቅ ዕቃ ሲዛወር እስከ ዘር ቅጠሎቹ ድረስ ሊቀበር ይችላል፤ መሃል ላይ ያለው፣ አዲስ ቅጠል የሚወጣበት እምቡጥ ግን አፈር እንዳይነካው። እንደ ክር የቀጠነውን ከማስታመም ይልቅ እንደገና መዝራት ይሻላል፤ የሚባክነው አንድ ሳምንት ያህል ነው።

አፈሩ ሳይደርቅ ውኃ ማጠጣት

ቤት ውስጥ ከሚጠፋው ችግኝ ብዙውን የሚገድለው ይህ ነው። ፒቲየምና ራይዞክቶኒያ የሚባሉት የመበስበስ ተሕዋስያን ሁልጊዜ እርጥብ በሆነና አየር በማይዘዋወርበት አፈር ላይ ይበረታሉ። ግንዱ ከአፈሩ ጠርዝ ላይ ይሟሽሽና ይቀጥናል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ችግኙ ይወድቃል። የወደቀው አይድንም። ከነአፈሩ ተነሥቶ ይጣል፤ የቀሩት አፈራቸው ይድረቅ፤ ውኃ ማጠጣቱም ለጊዜው ይቁም።

መከላከያው ከሥር ማጠጣት ነው። ትሪውን 2 ሴንቲሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያስቀምጡት፤ አፈሩ ያልጠጣውን ውኃ ይድፉት። ቀጣዩን ውኃ በቀን ቆጠራ አይወስኑ፤ ትሪውን አንሥተው ክብደቱን ይሞክሩ። ሲቀልልና የላዩ አፈር ቀለም ሲነጣ ይጠማል ማለት ነው። ቅጠሎቹን በስሱ ብቻ የሚያወዛውዝ ማራገቢያ በቀን ጥቂት ሰዓት ቢሠራ የአፈሩን ገጽ ያደርቃል፤ ግንዱንም ያጠነክራል። ከአፈሩ ላይ ትናንሽ ጥቋቁር ዝንቦች ብድግ ብድግ የሚሉ ከሆነ ውኃው በዝቷል፤ እጮቻቸው ጨቅላ ሥር ይበላሉ።

የጓሮ አፈር መሙላት

የጓሮ አፈር በትሪው ትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ እንደ ጡብ ይጠነክራል፤ ሥርም አየር ያጣል። ለጎመን ወገን ደግሞ የባሰ አደጋ አለው፤ ሥርን እያሳበጠ የሚያበላሸው በሽታ በአፈር ውስጥ ከ10 ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፤ በአንድ በተበከለ ችግኝ ወደ ንጹሕ መደብ ከገባ በኋላ ማስወጣቱ እጅግ ከባድ ነው። ለችግኝ ተብሎ የተዘጋጀ አፈር ይጠቀሙ፤ ወይም 2 እጅ የኮኮናት ቃጫ ብናኝ፣ 1 እጅ በደንብ ተብላልቶ የተነፋ ኮምፖስትና 1 እጅ ፐርላይት (ቀላል ነጭ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍርፋሪ) ይቀላቅሉ። ያገለገለ ትሪ በሳሙና ታጥቦ፣ 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውኃ በተበጠበጠበት ቢያንስ 10 ደቂቃ ተዘፍዝፎ በንጹሕ ውኃ ይለቅለቅ።

ዘሩን ሳይፈትሹ መዝራት

የጎመን ዘር በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ከተቀመጠ 4 ወይም 5 ዓመት ይቆያል። ካጠራጠረ 10 ፍሬ በእርጥብ ወረቀት ጠቅልለው ለአንድ ሳምንት ያቆዩ፤ 6 እና ከዚያ በታች ከበቀለ በየጉድጓዱ አንድ ፍሬ ጨምረው ይዝሩ። ጥልቀቱ ከግማሽ እስከ 1 ሴንቲሜትር ነው።

ከራስ ማሳ የተለቀመ ዘር ጥቁር አበስብስ የተባለውን የባክቴሪያ በሽታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። በ50 ዲግሪ ውኃ ውስጥ ማቆየት ይረዳል፤ ለጥቅል ጎመን 25፣ ለብሮኮሊና ለአበባ ጎመን 20 ደቂቃ። ከዚያ ወዲያው በቀዝቃዛ ውኃ ይቀዘቅዛል። ይህ ያለ ትክክለኛ ቴርሞሜትር አይሞከር፤ ሁለት ሦስት ዲግሪ ካለፈ ዘሩ ይሞታል፤ ከጎደለ ደግሞ ባክቴሪያው ይተርፋል። ያረጀ ዘርም ይህን ሙቀት አይችልም።

በአንድ ጉድጓድ ሁለት ከበቀሉ ደካማውን በመቀስ ይቁረጡ። መንቀል የሌላውን ሥር ይበጥሳል።

ማዳበሪያን ማስቀደም ወይም መርሳት

ችግኙ መጀመሪያ የሚኖረው ዘር ቅጠሎቹ ውስጥ ባለው ስንቅ ነው። የመጀመሪያው እውነተኛ ቅጠል ሲዘረጋ ፈሳሽ ማዳበሪያ በመመሪያው ከተጻፈው በግማሽ ተበርዞ በሳምንት አንድ ጊዜ ይሰጥ። ቅጠሉ በሙሉ ከገረጣ ርቦታል። የቅጠሉ ጀርባ ሐምራዊ ሲሆን ግን ማዳበሪያ ለመጨመር አይቸኩሉ፤ ብዙ ጊዜ ሥሩ በርዶትና ረጥቦ ፎስፈረስ መሳብ አቅቶት ነው። አፈሩ ጠፍፎ ትንሽ ሲሞቅ ይስተካከላል። ቀይ ጥቅል ጎመን ከሆነ ደግሞ ቀለሙ ተፈጥሮው ነው።

መሃሉ ላይ እምቡጥ የሌለው ችግኝ ቅጠሉ ቢያምርም ጎመን አይቋጥርም፤ አይትከሉት።

ትሪው ውስጥ ማቆየት

ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ 4 ወይም 5 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ መተከል አለበት። ከዚያ በላይ ከቆየ ሥሩ ይጠመጠማል፤ አበባ ጎመንና ብሮኮሊ ደግሞ ገና በልጅነታቸው የልብስ ቁልፍ የምታህል ራስ ይቋጥሩና ያበቃሉ። መደቡ ካልደረሰ ስፋቱ 10 ሴንቲሜትር ወደሚሆን ዕቃ ያዛውሩ። ሲያዛውሩ ቅጠሉን እንጂ ግንዱን አይያዙ፤ የተቀጠፈ ቅጠል ይተካል፤ የተጨፈለቀ ግንድ ግን አይጠገንም።

በአንድ ቀን ወደ ውጭ ማውጣት

መብራት ብቻ የሚያውቅ ቅጠል በፀሐይ ይነጣል፤ በነፋስም ይቀዳደዳል። ከ7 እስከ 10 ቀን ያለማምዱት፤ በመጀመሪያው ቀን ጥላ ሥር ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ በየቀኑ ጥቂት እየጨመሩ ወደ ፀሐይ፣ በመጨረሻም ማደር። ውኃውን ይቀንሱ፤ እስኪጠወልግ ግን አይንፈጉት። ለማጠንከር ተብሎ ብርድ ውስጥ ለሳምንታት መተውም አይገባም፤ የጥቅል ጎመን ግንድ የእርሳስ ያህል ከወፈረ በኋላ ከ10 ዲግሪ በታች ለረጅም ጊዜ ከቆየ፣ ሳይጠቀለል ወደ አበባ ሊሄድ ይችላል።

ተከላው በደመናማ ቀን ወይም ወደ ማታ ይሁን። ከአንድ ሰዓት በፊት ትሪውን ውኃ ያጠጡ፤ የቅጠሎቹን ጀርባም ገልጠው ይዩ፤ ክሽክሽ (ቅጠል የሚመጥ ጥቃቅን ነፍሳት) ካለ እዚያው በውኃ ታጥቦ ይውረድ።