ሥራ ላይ ሆነሽ ለወሊድ ስትዘጋጂ ከሕፃኑ ልብስ የሚቀድሙ ነገሮች

ሐኪሙ የነገረሽን ቀን እንደ ቀጠሮ አትያዢው። ልክ በተባለበት ቀን የሚወለዱት ከመቶ 5 ገደማ ብቻ ናቸው። የቀሩት ከ37ኛው እስከ 42ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ደስ ባላቸው ቀን ይመጣሉ፤ ከዚያም የሚቀድሙ አሉ። ስለዚህ ቢሮሽን በ36ኛው ሳምንት ለቀሽ እንደምትወጪ አድርገሽ አሰናጂ። ልጁ ቢዘገይ የምታጪው ነገር የለም። ቢቀድም ግን ምጥ ይዞሽ የኮምፒውተር ይለፍ ቃል በስልክ ስትናገሪ አትገኚም።

ለአለቃሽ መቼ ትነግሪያለሽ? ብዙዎች የመጀመሪያው ሦስት ወር እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፤ አብዛኛው ውርጃ የሚያጋጥመው በዚያ ጊዜ ስለሆነ። ሥራሽ ከኬሚካል፣ ከጨረር ወይም ከከባድ ሸክም ጋር የሚያገናኝሽ ከሆነ ግን አትጠብቂ፣ ወዲያው ተናገሪ። ከመናገርሽ በፊት ደግሞ ውልሽንና የአገርሽን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ አንብቢ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው ስምምነት ከ14 ሳምንት የማያንስ የወሊድ ፈቃድ ይላል፣ ግን ያላጸደቁት አገሮች ብዙ ናቸው። ስለዚህ አንቺን የሚመለከትሽ ያለሽበት አገር ሕግና የመሥሪያ ቤትሽ ደንብ ነው። ደመወዙን ማን ይከፍላል? ልጁ ከቀኑ ቢዘገይ ወይም ቢቀድም ፈቃዱ እንዴት ይቆጠራል? የዓመት ፈቃድ ማያያዝ ይቻላል? በቀዶ ሕክምና ብወልድስ? ለማጥቢያ ሰዓት አለ? መልሱን በጽሑፍ ተቀበይ። «ችግር የለም፣ እናመቻቻለን» ያለሽ አለቃ አንቺ ስትመለሺ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሊጠብቅሽ ይችላል።

አሁን ሥራሽን ለተተኪሽ ወደምታስረክቢበት ርክክብ። ሰው ሁሉ የሚንቀው ይሄን ነው፤ በእኔ እምነት ግን አራስ ቤት ሰላም የሚሰጥሽ ከምንም በላይ እሱ ነው። አብዛኛው የርክክብ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ «የአቅራቢው ውል፣ በሂደት ላይ»። ይሄ ምንም ማለት አይደለም። የተቀበለሽ ሰው በሦስተኛው ቀን ይደውልልሻል። እንዲህ ጻፊው፦ «የአቅራቢው ውል፦ ሁለተኛው ረቂቅ ሕግ ክፍል ነው፣ ገና አልተመለሰም። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተፈረመ ዋጋው ይቀየራል። አቅራቢው ኢሜይል ቶሎ አይመልስም፣ መደወል ይሻላል። የመጨረሻው ፋይል የጋራ ማህደሩ ውስጥ ነው፣ ስሙ ላይ ቀን ያለበትን ተዪው፣ አሮጌ ነው።» አየሽ? የሚጠቅመው ጭንቅላትሽ ውስጥ ብቻ ያለው ነገር ነው፤ ፋይሉንማ ፈልጎ የሚያጣ የለም። ወረቀቱን ከጨረስሽ በኋላ ተተኪሽ ለአንድ ሳምንት ሥራውን ብቻውን ይሥራው፣ አንቺ ጎኑ ቁጭ በይና እጅሽን ሰብስቢ። የጎደለው ያኔ ይታያል።

በፈቃድሽ ጊዜ ማን፣ በምን ጉዳይ፣ በየት በኩል ሊያገኝሽ እንደሚችልም አስቀድመሽ ወስኚ። አንድ ሰው ይበቃል። ከቻልሽ ማንም ባያገኝሽ ደግሞ ይሻላል።

የክትትል ቀኖችሽን ካሌንደርሽ ላይ ከአሁኑ ዝጊ። የዓለም ጤና ድርጅት ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት ያስፈልጋል ይላል፤ የመጀመሪያው እስከ 12ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከ34ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በየሁለት ሳምንቱ። ሥራው የሚጣደፈውም ያኔ ነው፣ እና «ይሄን ስብሰባ ልጨርስና» የሚባል ነገር ይመጣል። የማያስጠብቁ ምልክቶች አሉ፦ የማይለቅ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ ብዥ የሚል እይታ፣ ድንገት ያበጠ ፊትና እጅ፣ ደም፣ የሽርት ውሃ መፍሰስ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከእነዚህ አንዱን ካየሽ ስብሰባውን ጥለሽ ውጪ፣ ይቅርታውን ሌላ ሰው ይጠይቅልሽ።

የሆስፒታል ሻንጣው ላይ ብዙ አልልም፣ ዝርዝሩ የትም አለ። በ36ኛው ሳምንት ተዘጋጅቶ በር አጠገብ ይቀመጥ፣ የሕክምና ካርድሽና ቻርጀር ይኑርበት፣ የት እንዳለ ከአንቺ ሌላ አንድ ሰው ይወቅ። መንገዱን ትራፊክ በሚበዛበት ሰዓት አንዴ ሂዱበት። ለመጀመሪያ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚባለው ምጡ በየ5 ደቂቃው እየመጣ፣ 1 ደቂቃ እየቆየ፣ እንዲህ ሆኖ 1 ሰዓት ከሞላው ተነሺ ነው። የአንቺን ግን ሐኪምሽን ጠይቂ። ውሃው ከፈሰሰ ወይም ደም ካየሽ ደቂቃ መቁጠር የለም።

ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ለፕሮግራም ሰው ይከብዳሉ። ቀንሽን በሰዓት ከፋፍለሽ የኖርሽ ከሆነ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ የሚጠባ ልጅ ፕሮግራምሽን ያፈርሰዋል። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ ይውላል የሚሉሽ እውነታቸውን ነው፣ ግን በየሁለት ሦስት ሰዓቱ ይነሳል። ጠግቦ ይሆን ብለሽ ከመጨነቅ ዳይፐሩን ቁጠሪ፤ ከ5ኛው ቀን ወዲያ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ ካረጠበ ጥሩ ምልክት ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ትንሽ ይቀንሳል፣ አትደንግጪ፣ አብዛኞቹ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይመልሱታል። ሁልጊዜ በጀርባው አስተኚው፣ ትራስም አሻንጉሊትም አጠገቡ አይኑር። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ሙቀቱ 38 ከደረሰ ወዲያው ሐኪም ቤት ነው።

አባትየው፣ ይሄ ላንተ ነው። «ምን ልርዳሽ?» አትበል፤ ጥያቄው ራሱ ሥራ ነው፣ አስባ መመደብ ያለባት እሷ ትሆናለች። አንድ ሁለት ነገር ሙሉ በሙሉ ውሰድ፤ ዳይፐሩን፣ ጠያቂ መቀበሉን፣ ከጠባ በኋላ ማስገሳቱን። ስሜቷንም ተከታተል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማልቀስና ሆድ መባስ የተለመደ ነው፣ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ግን የድህረ ወሊድ ድባቴ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይያት። ራሷን ወይም ልጁን የመጉዳት ሐሳብ ካላት አንድ ቀንም አይታደርም።

ወደ ሥራ መመለሻውን በሳምንቱ መጀመሪያ አታድርጊው። ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጀምሪ፣ የመጀመሪያው ሳምንት በሁለት ሦስት ቀን ያልቅልሻል። ሞግዚቷ ወይም ልጁን የሚይዝልሽ ሰው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ አንቺ ቤት እያለሽ ይልመደው። ወተት ማለብንም ከመመለስሽ ሁለት ሦስት ሳምንት በፊት ተለማመጂ። የታለበ ወተት ከፍሪጅ ውጪ እስከ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር ገደማ ይቆያል። ቀኑን ጻፊበት፣ የፍሪጁ በር ላይ አታስቀምጪው፣ በማይክሮዌቭም አታሙቂው።

ቢሮ ውስጥ የምታልቢበትን ቦታ ገና በፈቃድ ላይ እያለሽ ጠይቂ። «ሽንት ቤት አለ» መልስ አይደለም፣ የሚቆለፍ ክፍልና ሶኬት ነው የሚያስፈልግሽ። ቅያሪ ሸሚዝ መሳቢያሽ ውስጥ ይኑር። የማለቢያ ሰዓቶችሽን ደግሞ ከመግባትሽ አስቀድመሽ ካሌንደሩ ላይ ያዣቸው፣ ባዶ ቦታ ያየ ሰው ስብሰባ ይጠራበታል።