የሰይፍ ፍልሚያ ለፊልም፦ የቱን እንጠብቅ፣ የቱን እናጋንን?

የፊልም ሰይፍ ፍልሚያ ውሸት የሚመስለው በመዝለልና በመሽከርከር ብቻ አይደለም። ዋናው ጥፋት ተዋናዮቹ ሰይፍ ለማጋጨት ሲሉ ወደ ሰይፍ መሰንዘራቸው ነው። ተከላካዩ እጁን አጣጥፎ ቢቆም እንኳ ምቱ አያገኘውም። ተመልካቹ ምክንያቱን አያውቀው ይሆናል፤ የይስሙላ መሆኑ ግን አይጠፋውም። ስለዚህ ቅንብሩን ስትጽፉ ለእያንዳንዱ ምት የሰውነት ዒላማ ስጡት፦ ግራ ትከሻ፣ ቀኝ ጭን፣ ወገብ። ፊትንና አንገትን ከዝርዝሩ አውጡ።

ዒላማው ሰው ከሆነ ደህንነትን የሚጠብቀው ርቀት ነው። አጥቂው እርምጃውን ጨርሶ ክንዱንና ሰይፉን እስከ መጨረሻው ሲዘረጋ፣ ጫፉ ከባላጋራው አካል አንድ ስንዝር፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ይራቅ። ካሜራው ከአንዱ ትከሻ በስተኋላ ሲቆም ክፍተቱ ይሰወራል፤ ከጎን ሲቆም ስንዝሯ ቁልጭ ብላ ትታያለች።

ቅደም ተከተሉ ደግሞ ከእውነተኛው ውጊያ የተገለበጠ ነው። አጥቂው ሰይፉን ያነሳል፤ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፤ ተከላካዩ መመከት ወይም መሸሽ ይጀምራል፤ ምቱ የሚለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። በሩብ ፍጥነት ጀምሩ። ያለ ስህተት ሲያልቅ ወደ ግማሽ፣ ቀጥሎ ወደ ሦስት አራተኛ እለፉ። ለቀረጻ ከዚህ በላይ እምብዛም አያስፈልግም፤ ተዋናይ ሲቸኩል መጀመሪያ የምትጠፋው ያቺ ስንዝር ናት።

ለቅርብ ምስል የደነዘ ብረት፣ ለረጅም ፍልሚያ አሉሚኒየም፣ ለመውደቅ ጎማ ያዙ። አሉሚኒየም ሲጋጭ ስለቱ ላይ ጥቃቅን እሾህ ያወጣል። በየቀረጻው መካከል ጥጥ በስለቱ ላይ አሳልፉ፤ ጥጡ የተያዘበትን ቦታ በሞረድ አለስልሱ፤ እጀታውንም ነቅነቅ አድርጋችሁ እዩ። አሉሚኒየም ቀላል ስለሆነ ተዋናዩ ክብደት ለማስመሰል ማቃሰት ይወዳል። ከልክሉት! በሁለት እጅ የሚያዘው የመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሰይፍ ራሱ ብዙውን ጊዜ ከ1.8 ኪሎ አይበልጥም።

መሽከርከር የግድ ካማራችሁ፣ ባላጋራው ተገፍትሮ ሰይፉ ከማይደርስበት ሲርቅ ይሁን። አንዴ ይበቃል። ሰይፍ ከቆዳ ሰገባ ሲወጣ የብረት ፉጨት አያሰማም፤ ብትጨምሩበት ግን ማንም አይቀየማችሁም። የብረት ጥሩርን እንደ ቅቤ መቁረጥ ነው የማይማረው፤ የሰይፍ ምት አይበሳውም። የጥንቶቹ ተፋላሚዎች በአንድ እጅ እጀታውን፣ በሌላው የስለቱን ወገብ ይዘው ጫፉን በብብት ወይም በራስ ቁር ክፍተት ይሰኩ ነበር። የፊልም ፈጠራ የሚመስለው ይሄው እውነተኛው ነው፤ ለዓይንም ያምራል።

ፍጥነት ከጎደለ ካሜራው ይርዳችሁ፦ በሰከንድ 22 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ቀርጻችሁ በ24 ስታሳዩ እንቅስቃሴው 9 በመቶ ያህል ይፈጥናል። ከ20 በታች ከወረዳችሁ የልብሱ መውለብለብና የሰዉ አወዳደቅ ያስቃል። ንግግር ያለበትን ቀረጻ ግን እንዳትነኩት፤ ከንፈርና ድምፅ ይለያያሉ።