የእንግሊዝኛ የእንቅስቃሴ ግሶችን ከአቅጣጫ ተውሳከ ግሶች ጋር ማጣመር

በአማርኛ ወጣ፣ ገባ፣ ወረደ ወይም ተሻገረ ስንል የእንቅስቃሴውን አቅጣጫ በግሱ ብቻ ተናግረን እንጨርሳለን። እንግሊዝኛ ግን አብዛኛውን ጊዜ አቅጣጫውን ለተውሳከ ግስ ይተዋል፤ «ጎ» መሄድን ብቻ ሲገልጽ፣ «ጎ አውት» መውጣትን፣ «ጎ ኢን» መግባትን፣ «ጎ ዳውን» መውረድን ያመለክታል። ስለዚህ ጥንዶቹን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይልቅ አሠራራቸውን መያዝ ይበልጥ ያዋጣል።

«ልጁ እየሮጠ ወጣ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። እዚህ ዋናው ግስ አቅጣጫውን ሲናገር፣ «እየሮጠ» ደግሞ አኳኋኑን ይገልጻል። ወደ እንግሊዝኛ ስንወስደው ሥራቸው ይቀያየራል፤ መሮጡ ዋና ግስ፣ መውጣቱ ደግሞ ተውሳከ ግስ ሆኖ «ዘ ቦይ ራን አውት» ይባላል። «እየዳኸ ገባ» በዚሁ መንገድ «ክሮውልድ ኢን»፣ «በርሮ ሄደ» ደግሞ «ፍሉ አዌይ» ይሆናል። ሆኖም የእኛ «ወጣ» ከክፍል መውጣትንም ደረጃ መውጣትንም ስለሚይዝ፣ ለመጀመሪያው «አውት»፣ ለሁለተኛው «አፕ» እንደሚያስፈልግ አስቀድሞ መለየት ይገባል።

አኳኋኑ ካልተነገረ «ጎ» ወይም «ካም» ይመረጣል። «ካም» ተናጋሪው ወይም አድማጩ ወዳለበት መቅረብን ሲያሳይ፣ «ጎ» ከዚያ መራቅን ያሳያል። ውጭ ቆመን ውስጥ ያለውን ሰው «ውጣ» ስንለው «ካም አውት» ነው፤ አብረን ውስጥ ሆነን ስናስወጣው ግን «ጎ አውት» ነው። ለአፍታ ተለይተን ስንሄድ የምንላት «መጣሁ»ም እዚህ ላይ ታሳስታለች፤ «አይም ካሚንግ» ወደ አድማጩ እየመጣን መሆኑን ስለሚናገር፣ ትክክለኛው «አይል ቢ ባክ» ነው።

ቦታው ከተጠራ አንዳንዱ ተውሳከ ግስ መልኩን ይቀይራል። በር ላይ ላለ እንግዳ «ካም ኢን» ይበቃል፤ ክፍሉ ሲጠቀስ ግን «ካም ኢንቱ ዘ ሩም»፣ መውጣትም ሲሆን «ጎ አውት ኦቭ ዘ ሩም» ይባላል። «አፕ»፣ «ዳውን» እና «አክሮስ» ግን አይለወጡም፤ «ጎ አፕ» ያለ ሰው ኮረብታውን ሲጨምር «ጎ አፕ ዘ ሂል» ይላል። በአማርኛ «ወደ ቤት» ስለምንል «ጎ ቱ ሆም» ማለት ይቀናናል፤ ነገር ግን «ሆም»፣ «ሂር»፣ «ዜር» እና «አብሮድ» በዚህ አገባባቸው ራሳቸው ተውሳከ ግስ በመሆናቸው «ቱ» አይገባባቸውም። «ሪተርን» የመመለስን፣ «ኤንተር» የመግባትን አቅጣጫ በውስጣቸው ስለያዙ «ሪተርን ባክ» እና «ኤንተር ኢንቱ ዘ ሩም» ድግግሞሽ ናቸው፤ በጥንቃቄ በሚጻፍ እንግሊዝኛ ቢቀሩ ይሻላል።

ስንናገር ድምፃችን የሚጠብቀው ብዙውን ጊዜ በተውሳከ ግሱ ላይ ነው፤ በ«ካም ኢን» ውስጥ ጎልቶ መሰማት ያለበት «ኢን» ነው።

አንዳንዶቹ ጥንዶች ከእንቅስቃሴ ርቀው ሌላ ትርጉም ይዘዋል፤ «ጎ ኦን» መቀጠል፣ «ራን አውት» ደግሞ ማለቅ ሊሆን ይችላል። እነዚህን በመዝገበ ቃላት መፈተሽ የግድ ነው፤ «ዘ ዎተር ራን አውት» የሚለው ውሃው ፈስሶ ወጣም፣ አለቀም ሊሆን ስለሚችል፣ ከፊቱና ከኋላው ያለውን ዓረፍተ ነገር ሳያነቡ መወሰን አይቻልም።