ሰከንድ ሃንድ ሸክላ ማጫወቻ ለገዛችሁ የጅማ ልጆች፣ ካርትሪጅና ፎኖ ፕሪአምፕ አመራረጥ

ጅማ ላይ ሸክላ ማጫወቻ ሚገኘው ባብዛኛው ወይ ከአያቶች ሳሎን ከነቡፌው ነው፣ ወይ መርካቶ ሬዲዮ ሰሪ ሱቅ ጥግ አቧራ ለብሶ፣ ወይ ደሞ ከሳውዲና ከአሜሪካ የመጣ ሰው ይዞት። ከየትም ይምጣ መርፌው ወይ የለም ወይ አልቋል። ካርትሪጅ ምንለው መርፌዋን ይዞ ንዝረቷን ወደ ኤሌክትሪክ ሚቀይረው ትንሽ ዕቃ ነው። ከዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ሚጠይቀው "ምርጡ ካርትሪጅ የቱ ነው" ብሎ ነው። እኔ ምላችሁ መጀመሪያ ማሽኑን እዩት ነው፣ ምን ዓይነት ካርትሪጅ ነው የተሰራለት፣ ካርትሪጁን ሚሸከመው ክንድ ክብደት ይስተካከልበታል ወይ፣ አምፓችሁ ጀርባው ላይ ፎኖ ሚል ማስገቢያ (ውስጡ የሸክላውን ደካማ ሲግናል ሚያሳድግ ፎኖ ፕሪአምፕ ያለው) አለው ወይ። እነዚህን ካወቃችሁ ምርጫው ራሱ ጠቦ ሁለት ሶስት ዕቃ ላይ ይቆማል።

ብር ከማውጣታችሁ በፊት ደሞ ፍጥነቱን አረጋግጡ። ከአሜሪካ የመጣው 120 ቮልት ነው የኛ 220 ነው፣ እሱን በትራንስፎርመር ታወርዱታላችሁ፣ ሄርዙን ግን ትራንስፎርመር አይነካውም። የነሱ 60 የኛ 50 ሄርዝ ነው፣ ሳውዲም 60 ነው፣ ስለዚ ማሽኑ የድሮ ኤሲ ሞተር ያለው ከሆነ 17 በመቶ ገደማ ቀስ ብሎ ይዞራል፣ ድምጹ ይወፍራል ዘፈኑ ይጎተታል ሰውም "ካርትሪጁ ነው ያስቸገረው" ብሎ አዲስ ካርትሪጅ ያዛል። መፍትሄው ለ50 ሄርዝ የተሰራ ፑሊ ነው፣ ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር ማለቴ ነው። ዲሲ ሞተር ያለው ከሆነ ይሄ አይመለከታችሁም፣ ቮልቱን ብቻ አስተካክሉ።

እሺ ወደ ካርትሪጁ። ሶስት ዓይነት አለ፣ ሴራሚክ፣ ኤምኤም፣ ኤምሲ። ሴራሚክ ማለት ሻንጣ በሚመስሉትና ስፒከራቸው አብሮ በተገጠመላቸው ማጫወቻዎች ላይ ያለው ነው፣ ጉልበት አለው ግማሽ ቮልት አካባቢ ያወጣል ፎኖ ፕሪአምፕ አይፈልግም፣ ክፋቱ አብዛኛው 5 ግራምና ከዛ በላይ ሆኖ ነው ሸክላው ላይ ሚጫነው። ኤምኤም ላይ ከመርፌዋ ጋር ሚንቀሳቀሰው ማግኔቱ ነው፣ ሚያወጣው ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ገደማ ብቻ ነው። ኤምሲ ደሞ ኮይሉ (የሽቦ ጥቅሉ) ነው ሚንቀሳቀሰው፣ ብዙዎቹ ግማሽ ሚሊቮልት እንኳን አይሞሉም፣ መርፌው ሲያልቅ ባብዛኛው በእጅ ነቅሎ መቀየር የለም፣ ጅማ ተቀምጦ ኤምሲ መያዝ ራስን ማስቸገር ስለሆነ ስለሱ ከዚ በላይ አላወራም።

የትኛው እንደሆነ ካላወቃችሁ ቀላል ሙከራ አለ። ቀይና ነጩን የአርሲኤ ገመድ በቀጥታ ስፒከሩ ወይ አምፑ ኦክስ ላይ ሰኩና ማትሳሱለትን ሸክላ አስቀምጡ። ድምጹ ሞልቶ ከወጣ ወይ ሴራሚክ ነው ወይ ማሽኑ ውስጡ ፕሪአምፕ አለው፣ ከኋላው ፎኖ እና ላይን ሚል ማብሪያ ፈልጉ። ቮልዩሙን እስከመጨረሻ ከፍታችሁ እንደ ትንኝ ሚጮህ ከሆነ፣ ቤዝ ሚባል ነገር ጠፍቶ ጸናጽሉና የዘፋኙ "ስ" ብቻ ከተሰማ ባብዛኛው ኤምኤም ነው፣ ደህና ነው ማለት ነው፣ ሚቀረው ፕሪአምፑ ነው።

ይሄ ለምን ይሆናል ካላችሁ፣ ሸክላ ሲቀረጽ ቤዙ ሆን ተብሎ ይቀነሳል ትሬብሉ ይጨመራል። ቤዙ እንዳለ ቢቀረጽ መስመሩ በጣም ይሰፋና አንድ ፊት ላይ ትንሽ ደቂቃ ብቻ ነው ሚገባው፣ መርፌውም ይዘላል። ትሬብሉ ደሞ ስንሰማ ተመልሶ ሲቀነስ የሸክላው ኩሽኩሽታ አብሮ ይቀነሳል። ይሄን ሚገለብጠው ቀመር አርአይኤኤ ይባላል፣ ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስታንዳርድ ነው፣ ከመሃሉ (ከ1000 ሄርዝ) አንጻር 20 ሄርዝ ላይ 20 ዴሲቤል ገደማ ይጨምራል 20 ሺህ ሄርዝ ላይ ያንኑ ያህል ይቀንሳል። ፕሪአምፑ ይሄን እየሰራ ሲግናሉን ደሞ 100 እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ስለዚ "ሚክሰሩ ማይክ ማስገቢያ ላይ ሰካሁት ሰራ" ሚሏችሁን አትስሙ፣ ይጮሃል እንጂ አልተስተካከለም።

ኤምኤም ከሆነ መጀመሪያ ያለውን ካርትሪጅ አትጣሉ። መርፌዋ በጣት ተጎትታ ምትወጣ ናት፣ ገላው ላይ የተጻፈውን ሞዴል አንብቡና ለሱ ሚሆን መርፌ ብቻ ፈልጉ፣ ይሄ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው። ገላው በሕይወት እንዳለ በቴስተር ታያላችሁ። ከኋላው አራት እግር አለው፣ ቀይና አረንጓዴው የቀኝ፣ ነጭና ሰማያዊው የግራ። ሁለቱን ጎን ለየብቻ ለኩ፣ ብዙ ጊዜ ከጥቂት መቶ እስከ ሺህ ምናምን ኦም ያሳያል፣ ቁጥሩ ራሱ ብዙ አያሳስብም፣ ግራና ቀኙ መቀራረባቸው ነው ዋናው። አንዱ ምንም ካላነበበ ኮይሉ ተበጥሷል፣ መርፌ አትግዙለት። የአሜሪካው ሹር የሸክላ ካርትሪጅ መስራት ያቆመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው ግን ለድሮዎቹ ገላዎች የጃፓኑ ጂኮ አሁንም መርፌ ይሰራል፣ ስለዚ ሹር ካገኛችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

የድሮዋን መርፌ ልጠቀምባት ምትሉ ደሞ ከጎን እዩዋት። መርፌዋን ምትይዘው ቀጭን ዘንግ ቀጥ ብላ ትንሽ ወደታች ያዘነበለች መሆን አለባት፣ ወደ አንድ ጎን ከዞረች ወይ ገላው ሸክላውን ሊነካ እስኪደርስ ከሰመጠች ውስጧ ያለችው ጎማ ሞታለች። አልማዟን ለማየት የስልክ ካሜራ አይበቃም፣ ዩኒቨርሲቲ ላብ ሚሰራ ወዳጅ ያለው ሰው ማይክሮስኮፕ ስር ያስገባት፣ ጫፏ ክብ መሆኑ ቀርቶ ግራና ቀኝ ጠፍጣፋ ሚያበራ ፊት ካወጣች አልቃለች፣ ያቺ መርፌ አሁን ምትሰራው የሸክላውን ግድግዳ መላጨት ነው።

አዲስ ሙሉ ካርትሪጅ ሚያስፈልጋችሁ ከሆነ አገጣጠሙን እዩ። አብዛኛው በሁለት ብሎን ነው ሚታሰረው፣ በብሎኖቹ መሃል 12.7 ሚሊሜትር። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. የመጡ ብዙ ማሽኖች ደሞ ፒ ማውንት ናቸው፣ ካርትሪጁ ብሎን የለውም ክንዱ ውስጥ ይሰካና በጎን አንዲት ቪስ ትይዘዋለች፣ ለነሱ ሌላው አይሆንም፣ በ1.25 ግራም ሚሰራ ፒ ማውንት ብቻ ፈልጉ።

ብሎን ያለው ከሆነና ክንዱ ጀርባ ላይ ሚዞር ሚዛን ማስተካከያ ከሌለ ኦዲዮ ቴክኒካ ኤቲ3600ኤል ላይ ብትቆሙ ይሻላል። በ3.5 ግራም ነው ሚሄደው፣ ቀላል ማሽን ላይ ሳይዘል ይሰራል፣ አሪፍ ነው ብዬ አላጋንንም ግን አያሳፍርም። ክብደቱ ሚስተካከል ክንድ ካላችሁ የኔ ምርጫ ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ነው፣ ምክንያቴ ደሞ ድምጹ ብቻ አይደለም። አንድ ገላ ገዝታችሁ ሁሉንም የዛ ቤተሰብ መርፌ ትቀያይሩበታላችሁ፣ ክቡ ሲ፣ ሞላላው ኢ፣ ቀጭኑ ኤምኤል፣ ለ78 ዙር ሸክላ ደሞ ኤስፒ። ሲ እና ኢ በ2 ግራም ይሄዳሉ። ኦርቶፎን 2ኤም ሬድም ጥሩ ነው፣ በ1.8 ግራም ነው፣ 5.5 ሚሊቮልት ስለሚያወጣ ደካማ ፕሪአምፕ ላይም ድምጹ ይሞላል።

ክብ ወይስ ሞላላ ለሚለው፣ ምትሰሙትን እዩ። እኛ እጅ ያሉት አብዛኞቹ ትንንሾቹ የ45 ዙር ሸክላዎች ናቸው፣ አምሃ ሬከርድስ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያወጣቸው፣ የካይፋ፣ የፊሊፕስ። ብዙዎቹ ቡና ቤት ውስጥ በከባድ መርፌ ሲፈጩ የኖሩ ናቸው። ክብ መርፌ አገጣጠሙ ትንሽ ቢሳሳት እንኳን ይቅር ይላል፣ ግን ሚቀመጠው የድሮው መርፌ የበላው ቦታ ላይ ነው። ኤምኤል ቅርጹ ቀጭን ስለሆነ ግድግዳው ላይ ያልተነካ ቦታ ሊያገኝ ይችላል፣ እና አልቋል የተባለ ሸክላ አንዳንዴ ጸድቶ ይሰማል። ዋጋው ይወደዳል፣ ኦዲዮ ቴክኒካ ራሱ ግን ለሞላላው 300 ሰዓት ለኤምኤል 1000 ሰዓት ዕድሜ ነው ሚሰጠው፣ በሰዓት ስታካፍሉት ያን ያህል አይከብድም። በኢ ጀምሩ፣ ክንዱን አስተካክሎ መግጠም ስትለምዱ ኤምኤል ይምጣ። የ78 ዙር ሸክላን ግን በነዚህ እንዳትሞክሩ፣ የሱ መስመር በጣም ሰፊ ነው፣ መርፌዋ ሥሩ ላይ ነው ምትንከባለለው። በአልኮልም አትጥረጉት ያሟሟዋል።

መርፌ ከውጭ ሚያመጣ ሰው ካላችሁ ሽፋኗ እንደተገጠመ በካርቶኗ ይያዛት፣ ኪስ ትገባለች፣ እዚ ዕቃ ሲለመን እንደዚ ቀላል የለም። ርካሽ ሆና "ኦሪጅናል" ምትል ስም የለሽ ነገር ግን ተዉዋት፣ አስመስሎ የተሰራ ሞልቷል።

አሁን ክብደቱ። የመርፌ ሚዛን ካላገኛችሁ ወርቅ ቤት ሂዱ፣ የነሱ ትንሿ ዲጂታል ሚዛን 0.01 ግራም ታነባለች፣ ለግማሽ ቀን ሚያውሳችሁ ወርቅ ሰሪ ካላገኛችሁ የቡና ቅምሻ ሰዎች ዘንድ ያለው 0.1 ግራም ሚያነበውም ይበቃል። ሚዛኗ ወፍራም ስለሆነች ሸክላው ላይ ደርባችሁ አትለኩ፣ ክንዱ ከልኩ በላይ ከፍ ሲል ቁጥሩ ይዛባል፣ ሚዞረውን ሳህን አውልቁና መርፌው ሚያርፍበት ከፍታ ከሸክላው ጋር እኩል እንዲሆን አድርጉ። የሚዛኗ ሳህን ብረት ከሆነች ደሞ የካርትሪጁን ማግኔት ትስበዋለች፣ መርፌዋ ሳትነካት ቁጥሩ መዝለል ይጀምራል፣ የፕላስቲክ ክዳን ገልብጣችሁ አስቀምጡና ዜሮ አድርጋችሁ ክዳኑ ላይ አሳርፏት። ሸክላዬ እንዳይጎዳ ብላችሁ ከተጻፈው በታች አታውርዱ፣ ቀሎ ሚንገዋለል መርፌ ትንሽ ከበድ ካለው የበለጠ ነው ሚጎዳው። የካርትሪጁን አንግል ማስተካከያ ወረቀት ከኢንተርኔት አውርዳችሁ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ካሉት ፕሪንት ቤቶች አሳትሙ፣ 100 ፐርሰንት በሉት፣ ዝም ካላችሁት ከገጹ ጋር ያጠበዋል፣ ስታወጡት በማስመሪያ ለኩ።

ፕሪአምፑ ላይ ብዙ ብር አታፍስሱ። አምፓችሁ ፎኖ ማስገቢያ ካለው (የድሮ ፓይነርና ሳንሱይ ላይ አለ) ጨርሳችኋል፣ ሌላ አትግዙ፣ ሁለት ፕሪአምፕ ከተደራረበ ድምጹ ይቀደዳል ቤዙም ይፈነዳል። ብሉቱዝ ስፒከር ብቻ ካላችሁ ኦክስ ቀዳዳ እስካለው ድረስ ይሰራል። ፕሪአምፕ ስትገዙ ኤምኤም ሚል 47 ኪሎ ኦም የሆነ ይበቃል፣ ቤሪንገር ፒፒ400 ከርካሾቹ ነው ስራውን ይሰራል። ትንሽ ከፍ ካላችሁ አርት ዲጄ ፕሪ 2 ጌይን ማስተካከያና ዝቅተኛውን ጉርምርምታ ሚቆርጥ ፊልተር አለው፣ ካፓሲታንሱንም 100 ወይ 200 ፒኮፋራድ ታደርጉታላችሁ፣ ለቪኤም95 100ው ላይ ተዉት፣ ገመዱ ራሱ የሆነ ያህል ስለሚጨምርበት። ጣውላ ወለል ያለው የድሮ ቤት ውስጥ ያላችሁ ያ ፊልተር በጣም ያስፈልጋችኋል፣ ሰው ሲራመድ ስፒከሩ ሲርገበገብ ታያላችሁ።

መብራቱን ደሞ ታውቁታላችሁ። ማጫወቻውን ስታብላይዘር ላይ አድርጉት ግን ፕሪአምፑን ከስታብላይዘሩ አርቁት፣ ውስጡ ያለው ትራንስፎርመር ሁም (ዝዝዝ ሚል ድምጽ) ያስገባል። የፕሪአምፑ አዳፕተር 12 ቮልት ዲሲ ሚል ከሆነ በ12 ቮልት ባትሪ ማስኬድ ይቻላል፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አዳፕተሩ ላይ ካለው ስዕል ጋር አመሳክሩ፣ ሶላር ላይ እየሞላ ያለ ባትሪ ግን ከ12 በላይ ስለሚወጣ ከቻርጀሩ ነቅላችሁ ተጠቀሙ።

ሁሉንም ገጥማችሁ "ዝዝዝ" ሚል ከመጣ መጀመሪያ ከአርሲኤው ጋር ምትመጣውን ቀጭን የማሳ ሽቦ እዩ፣ እሷ ፕሪአምፑ ላይ ያለችው ብሎን ላይ ነው ምትታሰረው፣ ግድግዳ ሶኬት ላይ አይደለም። ታስራም ካልጠፋ ሁሙ ሚሰማው በየትኛው ጎን እንደሆነ ለዩና አምፑን አጥፍታችሁ ፕሪአምፑ መግቢያ ላይ ቀዩንና ነጩን አቀያይሩ። ሁሙ ወደ ሌላኛው ስፒከር ከሄደ ችግሩ ከማጫወቻው ወገን ነው፣ የሄድሼሉን (ካርትሪጁ ሚታሰርበት የክንዱ ጫፍ) አራት ሽቦዎች እየነቀላችሁ አጥብቃችሁ መልሱ፣ የዚህ ከተማ እርጥበት እዛች ጫፍ ላይ ዝገት ያበጃል። ባለበት ከቀረ ከፕሪአምፑ ወይ ከሱ በኋላ ካለው ገመድ ነው፣ ካርትሪጁን አትንኩት።