ሞተር ክፍል ውስጥ መፍቻ ሲወድቅ፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

መፍቻ፣ ቡሶላ (ብሎን ራስ ላይ የሚሰካ ክብ መፍቻ) ወይም ዳዶ ከእጅ ካመለጠ እስኪገኝ ድረስ ሞተር አይነሳም። «ምናልባት ወርዶ ይሆናል» ተብሎ የተነሳ መኪና ቺንጋ (በሞተሩ የሚዞረውን ቀበቶ) ሊበጥስ፣ ራዲያተር ሊበሳ ይችላል። ማስነሻ ቁልፉን ንቀሉና ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቁ፤ በአንዳንድ መኪኖች የኤሌክትሪክ ቬንትሌተሩ (ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ) ሞተር ጠፍቶም በሙቀቱ ብቻ ሊዞር ይችላል።

ምልክት፦ ሲወድቅ ተሰማ፣ መሬት ላይ ግን የለም

ብዙ መኪኖች ከሞተሩ ሥር የፕላስቲክ መከላከያ ስላላቸው የወደቀው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ላይ ይቀመጣል። ድምፁም ይጠቁማል፦ ፕላስቲክ ላይ ያረፈ ድፍን ድምፅ አለው፣ ብረት ላይ ያረፈ ይጮኻል። ከመከላከያው ሌላ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) አናት ላይ፣ ሞተሩን የተሸከመው ብረት ላይ፣ በባትሪው መቀመጫ ሥርና በራዲያተሩና በቬንትሌተሩ መካከል ፈልጉ። አምፖል ከላይ ብቻ አታብሩ፤ አንዱ ከታች ወደ ላይ ሲያበራ ሌላው ከላይ ቢያይ የዕቃው ጥላ ይታያል። አንገት በማይገባበት ስልኩን አስገብታችሁ ቪዲዮ ቅረጹ።

መከላከያውን ለመፍታት መኪናው በክሪክ ከተነሳ በቋሚ ድጋፍ ላይ ይቀመጥ። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። ሁሉንም ብሎን መፍታት ላያስፈልግ ይችላል፤ የአንዱን ጎን ፈታችሁ ጫፉን ዝቅ ብታደርጉት ዕቃው ራሱ ተንሸራቶ ይመጣል።

ምልክት፦ ዕቃው ይታያል፣ እጅ ግን አይደርስም

እዚህ ላይ ብዙ ሰው በረጅም ካቻቪቴ መገፍተር ይጀምራል፤ ትርፉ ዕቃውን ይበልጥ ማስመጥ ነው። የሚያዋጣው እንደ አንቴና የሚረዝም ማግኔት ነው። ችግሩ ማግኔቱ ዕቃው ጋ ሳይደርስ በየመንገዱ ካለው ብረት ሁሉ ጋር መጣበቁ ነው። ዘንጉን ጨምሮ የማግኔቱን ጎን በወፍራም ወረቀት ወይም በፕላስቲክ ቱቦ ሸፍኑትና ፊቱ ብቻ ክፍት ይሁን፤ ያን ጊዜ በጎን የሚስበው ይቀንሳል። ሲወጣም ቀስ ብሎ ነው፤ ሽቦ ወይም ጎማ ሲነካ የያዘውን ይጥላል።

አሉሚኒየም፣ ነሐስ፣ ፕላስቲክና ብዙዎቹ የማይዝጉ ብረቶች በማግኔት አይነሱም። ለእነሱ ጫፉ እንደ ጥፍር የሚከፈት መያዣ፣ ወይም በዱላ ጫፍ የተጠቀለለ ሁለት ፊት ማጣበቂያ ይሠራል። ነዳጅ በሚሸትበት ቦታ ግን በኤሌክትሪክ መጥረጊያ ለመሳብ አትሞክሩ፤ የመጥረጊያው ሞተር ብልጭታ የነዳጁን ትነት ሊያቀጣጥል ይችላል።

ዕቃው ባትሪ፣ ሞተሪኖ (ሞተሩን የሚያስነሳው) ወይም ዲናሞ (ባትሪውን የሚሞላው) አጠገብ ካረፈ ሥራው የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ በመንቀል ይጀምራል። ወደ ሞተሪኖና ዲናሞ የሚሄደው ወፍራም ገመድ ቁልፍ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ አለው፤ በመፍቻው አማካይነት ሻሲ (የመኪናውን የብረት አካል) ከነካ ብረቱ እስኪቀላ ይግላል። ቀለበትና የእጅ ሰዓት አውልቁ።

ምልክት፦ ሞተሩ ከተነሳ በኋላ ኳኳታ መጣ

ድምፁ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር የሚጨምር ከሆነ ዕቃው ቺንጋውን፣ ፑሊውን (ቺንጋው የሚዞርበትን ክብ) ወይም ቬንትሌተሩን እየነካ ነው፤ ወዲያው አጥፉ። ከተገኘ በኋላ ቺንጋውን በሙሉ ዙሩ መርምሩ፤ ጫፉ የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ ይቀየራል። ጎርባጣ መንገድ ላይ ብቻ የሚሰማ ከሆነ መከላከያው ላይ ተኝቷል። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ካለ የዕቃው እጀታ ጭስ ማውጫው ላይ አርፎ ሊሆን ይችላል።

ምልክት፦ ዕቃው በካንዴላ ቀዳዳ ገባ

ካንዴላው (ነዳጁን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው) ሳይፈታ እሱ ባለበት ጉድጓድ ውስጥ ከወደቀ ገና ሞተሩ ውስጥ አልገባም። በማግኔት አውጡ፣ ቀሪውን ቆሻሻ በአየር ንፉ (መነጽር አድርጋችሁ)፣ ከዚያ ካንዴላውን ፍቱ።

ካንዴላው ከተፈታ በኋላ ከሆነ መጀመሪያ መጠኑን አስቡ። የተለመደው ቀዳዳ 14 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው ነው፣ 12 ሚሊሜትርም አለ፤ 10 ቁጥር ቡሶላ አብዛኛውን ጊዜ አያልፍም፣ ትንሽ ሮንዴላ (ከብሎን ሥር የሚገባ ቀለበት) ግን ይገባል። ከገባ ሞተሩን ለማስነሳት አትሞክሩ። ቀጭን ካሜራ አስገብታችሁ የት እንዳለ እዩ፣ በቀጭን ማግኔት ሞክሩ። ካልወጣ ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል፤ ከተቧጨረ ሲሊንደርና ከታጠፈ ቫልቭ ይህ ይረክሳል።

በዘይት መሙያ የወደቀ ዳዶ ብዙውን ጊዜ ቴስታታው ላይ ይቀራል፤ የላይኛውን ክዳን ፍቱና በማግኔት አንሱ። እዚያ ከሌለ ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ማጠራቀሚያ) ውስጥ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ዘይቱ የሚሳብበት ወንፊት ዳዶ አያሳልፍምና ፓምፑ ብዙም አያሰጋም፤ የሚያሰጋው የታይሚንግ ካቴና (ቫልቮቹን ከሞተሩ ጋር አስማምቶ የሚያሠራው ሰንሰለት) ነው። ስለዚህ ዳዶው ከካቴናው ጋር አለመሆኑ በዓይን ሳይረጋገጥ ሞተሩ በእጅም አይዞርም።